ቅር ያለው አለ?

በራያ ቆላ ነገር የሚዘጋው በሁለት ነው፤ ወይ በአፈር ወይ በምርቃት። አፈር የሟቹን ነገር ይዘጋል፣ ምርቃት የቋሚውን። ሽማግሌ መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ ሰዉ ሁሉ «አሚን» ካለ በኋላ «ግን እኮ» ብሎ የሚነሳ ሰው ከመቃብር ላይ ድንጋይ እንዳነሳ ይቆጠራል። ይህን ከጎብዬ እስከ ዋጃ የማያውቅ የለም። ዒምራን ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ያውቀዋል፤ ያደገው ምርቃት በሚነሳበት ቤት ነውና።

አያቱ ሸህ እንድሪስ ስንት የደም ነገር ያበረዱ፣ ስንት የድንበር ጠብ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ከመመረቃቸው በፊት የማይዘሏት አንዲት ጥያቄ አለቻቸው። መዳፋቸውን ገና በግማሽ ከፍተው፣ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ይለቅሙና «ቅር ያለው አለ?» ይላሉ። ቅር ያለው እጁን አይዘረጋም። እጁን ያልዘረጋ ሰው ካለ ደግሞ እሳቸው አይመርቁም። አንድ ጊዜ ሁለት ጎረቤታሞች ሲታረቁ አንደኛው እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ኖሮ፣ ሸሁ አዩትና መዳፋቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «ቅሬታ ባለበት የሚነሳ ዱዓ ቀዳዳ እንስራ ነው፤ ቢቀዱበት አይሞላም» አሉ። ነገሩ ከሥሩ ተጀመረ። ዒምራን ያን ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበር። አንድ ሰው እጁን ባለመዘርጋቱ ብቻ አገር ምድሩን ማቆም መቻሉ ገርሞት፣ ሲገርመው ኖረ።

አሁን ጎልማሳ ሆኗል ይባል እንጂ አልሆነም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ፣ የተመኘው ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ፣ አያቱ ቤት ተመልሶ የተቀመጠ፣ ዝምታ የሚያበዛ ልጅ ነው። ሰው መሃል ምላሱ ይታሰራል። ለብቻው ሲሆን ግን ማሽላው ውስጥ ቆሞ ንግግር ያደርጋል። ማሽላው ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጠዋል። እንደ ማሽላ ያለ አድማጭ ከየት ይገኛል? አያቋርጥ፣ አያዛጋ፣ ስልኩን አይነካካ።

ከማሽላው ማዶ አንድ የመስኖ ጉድጓድ አለ። ድሮ ሞተሩ ሲያጓራ ድምፁ ቤታቸው ድረስ ይሰማ ነበር፤ ዙሪያውም ሽንኩርትና ቲማቲም ነበር። ከጦርነቱ ወዲህ ሞተሩ ተነቅሎ፣ የቀረው ቆርቆሮው የተገነጠለ ቤትና ወደ ምድር የሚወርድ ጥቁር ቧንቧ ብቻ ነው። መሬቱ ጦሙን ያድራል፣ እሾህ ያበቅላል። ዒምራን አንዳንድ ቀን እዚያ ይሄድና ጠጠር በቧንቧው ጥሎ ጆሮውን ይደቅናል። ቆየት ብሎ ከሥር «ጩብ» ይላል። ውሃው አለ። ውሃው መኖሩን ሲሰማ፣ እሾሁ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ይታየዋል፤ ቦይ ሲጠለፍ፣ ጆንያ ሲጫን፣ ጓደኞቹ በጭቃ እግራቸው ሲስቁ።

«አሁንም ከጉድጓድ ጋር ታወራለህ?» ይለዋል ጀሚል።

ጀሚል የጎረቤት ልጅ ነው፤ አብሮት ያደገ፣ አብሮት የተማረ፣ በዒምራን ፋንታ የሚናገር። ከአባቱ የቀረችውን እርሻ ወንድሞቹ ተካፍለው እሱ ጋ ስትደርስ በሬ የሚዞርባት አልሆነችም። ከማሉዲን የሚባለው ታላቅ ወንድሙ የዞብልን ተራራ ተሻግሮ፣ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ባሕሩ እንደሄደ ወሬው የለም። እናታቸው ሀሊሜ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ጀሚልንም ይኸው መንገድ እያባበለው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ቆቦ ከተማ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት «ስለ ወጣቶች ጉዳይ የሚያማክሩን በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች እንፈልጋለን» ብሎ አስነገረ። ዒምራን ተመዘገበ። ለምን እንደተመዘገበ ለራሱም አልገባው፤ ምናልባት ማሽላው ሰልችቶት ይሆናል።

«አበል አለው?» አለ ጀሚል።

«የለውም። በጎ ፈቃድ ነው።»

«ውሃስ?»

«ውሃ አለ፤ በላስቲክ።»

«እንግዲያ ከጉድጓዱ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙን ትቶ «አማካሪው» ይለው ጀመር።

ከአማካሪዎቹ ሁሉ ምላሷ የተፈታው ሀስና ነበረች። መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የምትሸጥ፣ ከሾፌሮች ጋር ስትከራከር የማትሸነፍ ልጅ ናት። እሷ እየጠየቀች ዒምራን እየጻፈ፣ በፀሐይ ሲዞሩ ከረሙ። ጫት ቤት ደጃፍ የተኮለኮሉትን፣ ባጃጅ ተራ የሚጠብቁትን፣ ከሳዑዲ ተጠርዘው የተመለሱትን፣ ሁሉንም ጠየቁ። «መንግሥት ምን ያድርግላችሁ?» ሲባል አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዱ «መጀመሪያ አንቺ ምን አደረገልሽ?» ይላታል። ሲጠቃለል ግን ነገሩ አንድ ነበር፤ የምንሠራበት መሬት። ዒምራን ያን ጊዜ ስለ ጉድጓዱ አነሳ። ጉድጓዱና ዙሪያው ለወጣቶቹ ማኅበር ይሰጥ፣ ሞተሩን ተረዳድተው ያቆሙታል። አማካሪዎቹ ሁሉ ተስማሙ፤ ሐሳቡንም ጽፈው ለመሥሪያ ቤቱ አስገቡ። ሌላውን ዝባዝንኬ ትተው በመጨረሻው ስብሰባ ይህን አንዱን ብቻ ሊጠይቁ፣ ሐሳቡም የዒምራን ነውና እሱ እንዲናገር ቆረጡ።

ጀሚል ይህን ሲሰማ አልቀለደም። ከጉድጓዱ ቤት ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር።

«ስማ» አለው፤ «ደላላው መንገደኛ እየሰበሰበ ነው። ልሄድ ነበር። እስከ ስብሰባችሁ እቆያለሁ። ጉድጓዱን ካገኛችሁ ወላሂ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ ሞተሩን እኔ ራሴ አቆመዋለሁ። ካላገኛችሁ ግን እንዳትለምነኝ።»

«እናገኛለን።»

«ትናገራለህ አይደል?»

«እናገራለሁ።»

«ለማሽላው አይደለም እኮ የምልህ። በሰው ፊት።»

«እናገራለሁ አልኩህ!»

ዒምራን ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣ። መናገሩ አስፈራው፤ ከመናገሩ ይልቅ ደግሞ ከተናገረ በኋላ ያለው አስፈራው። ስብሰባ ላይ «እሺ» የተባለ ነገር ስንት ጊዜ እንደ ጤዛ ረግፎ አይቷል። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት፣ በሐሳቡም ኮራ። «አያቴን እንጥራቸው» አለ ለሀስና። «የተፈረመ ይቀደዳል፣ የተመረቀ ግን አይቀደድም። አያቴ ከመረቁበት ማንም ባለሥልጣን ወደ ኋላ ሊመልሰው አይችልም።»

ሀስና ቻርጀር እየጠቀለለች አሰበች። «ምርቃት ዝናብ ነው፣ ዒምራን። ያንተን ማሳ ብቻ መርጦ አይዘንብም።»

«አያቴ ናቸው እኮ።»

«አያትህ መሆናቸው ነው የሚያሰጋኝ» አለች። ቢሆንም እሺ አለች።

ሸህ እንድሪስ ከዙህር ሶላት ተመልሰው ቁርበታቸው ላይ ተቀምጠው ሰሙት።

«ምኑን ልመርቅ?»

«የምንጠይቀውን፣ አባ።»

«የተጠየቀ አይመረቅም። የተስማሙበት ነው የሚመረቀው።»

«እንስማማለን።»

ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ረዘም አድርገው አዩት። «አንተ ትናገራለህ?»

«እናገራለሁ።»

«እንግዲያ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

የስብሰባው ቀን የቆቦ ሙቀት ልብስ ያስወልቃል። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከታች ሰው። ግድግዳው ላይ «የወጣቶች ድምፅ ይሰማል» የሚል ባነር ተሰቅሏል፤ አንድ ጫፉ ተፈቶ በነፋሱ ይርገበገባል። አማካሪዎቹ ተመሳሳይ ነጭ ቲሸርት ተሰጥቷቸው ለብሰዋል። ሸህ እንድሪስ ከፊት፣ ከቀሳውስቱና ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጎን ተቀመጡ። ጀሚል መጀመሪያ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ኋላ «ሞቀኝ» ብሎ ወጥቶ ባጃጆቹ ጋ ሄደ። «ስትጨርስ ትነግረኛለህ» ብሎት ነበር በዓይኑ እየሳቀ።

ሰብሳቢው አቶ አማኑኤል ፊታቸው ፈገግታ የማይለየው፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። አማካሪዎቹን አመሰገኑ። «እነዚህ ልጆች በፀሐይ ዞረው፣ ያለ አበል» ብለው ሲያበቁ አስጨበጨቡላቸው። ዒምራን ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት በላብ እጁ ያሻሻል። ተራው ሲደርስ የሚላትን የመጀመሪያዋን ቃል በሆዱ ይደጋግማል። በሆዱ ሲደጋግም አልፎ ሄደ፤ ንግግሩን ጨርሶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ጀሚል ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ውሃው ቦዩን ሲሞላ አየ። ከዚያ ህልሙ ያወጣው የአቶ አማኑኤል ድምፅ ነው።

«…ስለ መስኖው ጉድጓድ የሰጣችሁንን ምክር ተቀብለናል። ከእንግዲህ ጦሙን አያድርም። አንድ ጎበዝ ባለሀብት ተገኝቷል፤ ሞተሩን ያቆማል፣ መሬቱን ያለማል፣ ወጣቶቻችንም እዚያው በቀን ሠራተኝነት ይቀጠራሉ። ይህ የእናንተው ውጤት ነው!»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከአማካሪዎቹም ያጨበጨበ ነበር፤ እጅ ከጆሮ ይቀድማልና።

«ሰዓቱም ስለገፋ፣ አሁን አባታችን ይመርቁንና እንለያይ።»

ከኋላው የተቀመጠችው ሀስና ወንበሩን በእግሯ ገፋችው። «ተነሳ!» አለች በሹክሹክታ። «ዒምራን፣ እንዲህ አላልንም እኮ። ተነሳ!»

ዒምራን ሊነሳ ነበር።

ሸህ እንድሪስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ። ሰዉም አብሯቸው ተነሳ። ዒምራን በሰው ማዕበል ተነስቶ ራሱን ቆሞ አገኘው። ሽማግሌው መዳፋቸውን በግማሽ ከፈቱ፤ ከዳር እስከ ዳር ዓይናቸውን አዞሩ።

«ቅር ያለው አለ?»

ባነሩ ይርገበገባል። ቆርቆሮው በሙቀት ይንቋቋል። አንድ ሰው አስነጠሰ፣ ጎረቤቱ «ይማርህ» አለው፣ እንደገና ጸጥ አለ። የሸሁ ዓይን ዞሮ ዞሮ ዒምራን ላይ መጥቶ ቆመ። ሌላ ቀን አንዴ ጠይቀው የሚያልፉ ሰው፣ ያን ቀን ጨመሩ።

«ቅር ያለው ካለ አሁን ይናገር። ዱዓ ከተነሳ ወዲያ የለም።»

«እኔ» ማለት ብቻ ነበር። አንዲት ቃል። ወይም ደግሞ ምንም አለማለት፤ እጁን ጎኑ ላይ መተው ብቻ፤ ያ ሰው በጋቢው ውስጥ እንዳደረገው። ያን ያህል ቀላል ነበር። ግን በግራ በቀኙ መዳፎች ይከፈታሉ። አቶ አማኑኤል ፈገግ ብለው ያዩታል። አንዱ ካሜራ ደግኖ መጥቶ ፊት ለፊቱ ተንበረከከ። ዒምራን ሌላ ሰው እንዲናገር ጠበቀ። ሰው ሁሉ ሌላ ሰው እንዲናገር የሚጠብቅ መሰለው። ከዚያ ሁለት እጆች ከጎኑ ተነስተው፣ መዳፋቸው ተከፍቶ፣ ደረቱ ፊት ሲቆሙ አያቸው። የራሱ እጆች ነበሩ።

ሸህ እንድሪስ ዓይናቸውን ከሱ ላይ አንስተው ወደ ላይ አዩ።

«ክፉውን ያርቅልን፣ ደጉን ያምጣልን።»

«አሚን!» «አሜን!»

«የተባለውን ያጽናልን። ዝናቡን የረህመት፣ የምሕረት ያድርግልን። የወጣ ይግባ፣ የታመመ ይዳን።»

ዒምራን «አሚን» አለ። ድምፁ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በሰው ፊት ያን ያህል ጥርት ብሎ ሲወጣለት የመጀመሪያው ነበር።

ደጅ ላይ ሀስና ጠበቀችው። አልጮኸችም። «እኔ እጄን አልዘረጋሁም» አለች፤ «ከኋላ ነበርኩ፣ አልታየሁም። እኔም አፍ ነበረኝ፣ ያን አልክድም። ግን አያትህ ያዩት አንተን ነው። አንተ ስትዘረጋ ባይ ጊዜ እኔም አፌን ዘጋሁ።» ነጩን ቲሸርት ከላይ ደርባው ኖሮ፣ አውልቃ አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከባጃጆቹ መሃል ጀሚልን ፈለጉት። ሄዷል። ወሬ እግር አለው።

ዒምራንና አያቱ በአንድ ባጃጅ ወደ ቤት ተጓዙ። የታጨደው ማሽላ አገዳ በየማሳው ተከምሯል። በስተምሥራቅ ዞብል በአቧራ ተሸፍኖ ጥላ መስሏል።

«አባ፣ እያወቁ ለምን መረቁ?»

«ጠየቅሁ።»

«ትንሽ ቢቆዩ…»

«ከዚያ በላይ እንዴት ልቆይ፣ ልጄ? ሁለት ጊዜ ጠይቄ አላውቅም።» ምርኩዛቸውን በጉልበታቸው መሃል አጠበቁት። «ስንት የደም ባለቤት ዝም ብሎ ሲታረቅ አይቻለሁ። ዝምታ ስምምነት ነው ብዬ ነው የኖርሁት። ሌላ አላውቅም።»

«ነገ ሄጄ ብናገርስ?»

«በምርቃት ላይ?» አሉ ሽማግሌው። «ማን ይሰማሃል? እኔም አልሰማህም።»

ጀሚል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። በሳምንቱ አጥር ጥግ ሲያገኘው «መረቃችሁ አሉ» አለው፤ «ደግ። ሞተሩን ሲተክሉ ቁልፍ እያቀበልሁ የቀን እበላለሁ?» ሳቀ፤ ሳቁ እንደ ቀድሞው ነበር፤ ለዒምራን ያቃጠለው ይኸው ነው። «አማካሪው» ግን አላለውም፤ በስሙ ጠራው።

ከዚያ አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ፣ ሸህ እንድሪስ ከአስር ሶላት ተመልሰው ከዒምራን ጋር ግቢው ውስጥ ሲቀመጡ፣ ጀሚል ትንሽ ቦርሳ በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ። መንገደኛ ሳይመረቅ አይወጣም። ባጃጅ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ሀሊሜም ከአጥሩ ውጭ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆማለች። ጀሚል የሸሁን ጉልበት ስሞ እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለ።

«አባ፣ ይመርቁኝ።»

ሸሁ የት እንደሚሄድ አልጠየቁትም። ዓይናቸው ዞብል ላይ ደርሶ ተመለሰ። መዳፋቸውን በግማሽ ከፈቱ። በግቢው ውስጥ ከሦስቱ ሌላ ሰው የለም፤ ቢሆንም ልማዳቸው ነውና ጠየቁ።

«ቅር ያለው አለ?»

«እኔ» አለ ዒምራን።

ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እሱም ደነገጠ። እጆቹ ጎኑ ላይ ነበሩ። «ቅር ብሎኛል፣ አባ። እጄን አልዘረጋም።»

ጀሚል ቀስ ብሎ ቀና አለ። «ዛሬ?» አለ። «ዛሬ ነው አፍህ የተፈታው?»

ሸሁ መዳፋቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። «ቅሬታ አለ። ቁጭ በል፣ ጀሚል። ነገሩ ይነሳ።»

«ነገሩማ ቆቦ ላይ ተነስቶ ተዘግቷል፣ አባ።» ከውጭ የባጃጁ ጥሩምባ ጮኸ። ጀሚል ወደ ዒምራን ዞረ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ዘርጋ።»

ዒምራን ራሱን ነቀነቀ። ጀሚል ያለ ምርቃት ደፍሮ አይወጣም ብሎ አስቦ ነበር። ይህን ያህል ብቻ ነበር ያሰበው። ቢዘረጋ ይህንንም መንገድ እንደ ጉድጓዱ በገዛ እጁ ሊያጸናው ነው። ባይዘረጋ ይቀራል፤ ይቀራል እንጂ ወዴት ይሄዳል?

«ዒምራን፣ በአላህ ዘርጋ። ወንድሜ ሳይመረቅ ነው የወጣው፤ ሾልኮ ነው የሄደው። እናቴ ደጅ ቆማለች። ያለ ዱዓ አታስወጣኝ።»

«አትውጣ እንግዲያ።»

«ቀርቼ ምን ልሁን? እሱን ንገረኝ። አማካሪ አይደለህ? አማክረኝ።»

ዒምራን አፉን ከፈተ። ማሽላው ውስጥ ለዚህ ጥያቄ ስንት መልስ ነበረው! አሁን አንድም አልመጣለት። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ጀሚል ጥቂት ጠበቀ፤ የሸሁን ጉልበት እንደገና ሳመ፣ ቦርሳውን አስተካከለ፣ ወጣ። የአጥሩን በር ሲያልፍ ሀሊሜ ልጇን ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ወደ ዒምራን ነበር ያየችው፤ «አሚን» የሚል ድምፅ ስትጠብቅ ቆይታ እንደጠፋባት። ከዚያ የባጃጁ ድምፅ ራቀ፣ አቧራው አጥሩ ላይ ወደቀ።

ያን ጊዜ ዒምራን እጆቹን ዘረጋ። «አባ፣ ይመርቁ። ቶሎ ይመርቁ፣ ዘርግቻለሁ።»

ሸህ እንድሪስ አዩት። «ቅሬታህ ወጣልህ?»

«ይመርቁለት፣ አባ። ገና መንገዱን አልያዘም።»

«የጠየቅሁህን መልስ። ወጣልህ?»

በምርቃት ፊት አይዋሽም። እጆቹ በአየር ላይ እንደተዘረጉ ቀሩ፤ የሽማግሌው እጆች ግን ጉልበታቸው ላይ እንዳሉ ነበሩ። በመጨረሻ ዒምራን ራሱ «የወጣ ይግባ» አለ በደከመ ድምፅ፤ ብሎም ጠበቀ። «አሚን» የሚል አልነበረም።